የጭነት መኪናው ሞተር በብርድ ጠዋት ለምን ይንቀጠቀጣል? መንስኤውን ከግቢ ሳይወጡ መለየት

በደጋው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ውርጭና የምርት ማጓጓዣ አንድ ላይ የሚመጡበት ነው። የቢራ ገብሱ፣ ስንዴውና ድንቹ ወደ ገበያ የሚወጣው ሌሊቱ እጅግ በሚቀዘቅዝበት በዚሁ ወቅት ነው። ብዙ ሞዴል አርሶ አደሮች በግል ወይም ከወንድም ጋር በሽርክና የያዙት አሮጌ አይሱዙም የሚያስቸግረው በዚሁ ጊዜ ነው። ጭነቱ ማታ ተጭኖ ያድራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ አልነሳም ይላል፤ ቢነሳም ካቢናውን እያንገጫገጨ፣ ነጭ ጭስ እየተፋ፣ ልጥፋ ልጥፋ ይላል። ፀሐይ ወጥታ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። መካኒክ ዘንድ ሲደርስ ሕመሙ የለም።

ችግሩን ውድ የሚያደርገውም ይህ ነው። ሕመሙን ያየው ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ መካኒኩ በግምት ይፈታል። ባለፈው ዓመት በአንድ ሥልጠና ላይ ያገኘነው አርሶ አደር በዚሁ ምክንያት የናፍጣ ፖምፓውን ከተማ ወስዶ ሙሉ በሙሉ አስጠግኖ ነበር። የከፈለው የአንድ ሰንጋ ዋጋ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ እንደ ቀድሞው ተንቀጠቀጠ። በኋላ የተገኘው ጥፋት በናፍጣ መስመር ላይ ያለች፣ ርዝመቷ ከጣት የማይበልጥ፣ የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ነበረች። ይህ ጽሑፍ መካኒክ ሊያደርግዎት አይደለም፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ችግሩ በየትኛው በኩል እንዳለ እንዲያውቁ ነው። እዚህ የተነገረው ሁሉ በሜካኒካል ፖምፓ ለሚሠሩ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች የናፍጣ ግፊታቸው እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ የናፍጣ መስመራቸውን በግቢ ውስጥ መፍታት አይገባም።

ሞተሩ ለምን ሙቀት ይፈልጋል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ17 እስከ 20 እጥፍ ጨምቆ ያግለዋል፤ በሞቀ ጤናማ ሞተር የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ኖዝሉ በዚህ የጋለ አየር ላይ ናፍጣውን እንደ ጉም ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ሞተር ግን ግድግዳው ሁሉ ብርድ ስለሆነ የተጨመቀውን አየር ሙቀት ይጠጣዋል። ናፍጣው ሳይነድ ይተንና በማርሚታው ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዓይን የሚያቃጥለው ያ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው።

በደጋ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በቆላው ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሞተሩ የሚጨምቀው አየር ከመነሻውም ስስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አዋሽ ወርዶ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና ደጋ ወጥቶ ሲያድር ቢያስቸግር አይገርምም፤ ትንሿ ድካም የምትታየው ከፍታው ላይ ነው።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ፣ በደቂቃ 600 ዙር ቢሆን፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ይመታል። አንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ሲቀር በየሰከንዱ አምስት ምት ይጎድላል። የምንሰማው መንገጫገጭ ይኸው ነው። በአራት በሬ ሲበራይ አንዱ እግሩን ቢያነክስ አውድማው ላይ ያሉት ሁሉ እንደሚደናቀፉ ማለት ነው። መፈለግ ያለብን ታዲያ የትኛው በሬ እንዳነከሰና ለምን እንደሆነ ነው።

ከውርጭ ሌሊት በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጠንከር ያለ የመቀጥቀጥ ድምፅና ጥቂት ነጭ ጭስ በአሮጌ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ብር አያውጡ። ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ ወይም ሞተሩን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ከሆነ ግን ሕመም ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ያው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ የብርድ ብቻ አይደለምና ከካንዴላና ከአየር ይልቅ ወደ ኖዝል፣ ወደ ቫልቭና ወደ ሞተር መያዣ ጎማዎች ማሰብ ይሻላል።

ከመፍታት በፊት ማየት

የመጀመሪያው መሣሪያ ካቻቢቴ ሳይሆን ደብተር ነው። ሦስት ጠዋት ተከታትለው የሚከተለውን ይጻፉ። መኪናው ያደረው ሜዳ ላይ ነው ወይስ አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ? ሞተሪኖው ስንት ሰከንድ ዞረ? በሚዞርበት ጊዜ ጭስ ነበረ ወይስ አልነበረም? ከተነሳ በኋላ ስንት ደቂቃ ተንቀጠቀጠ? አንድ ሰው ቁልፍ ሲያዞር ሌላው ከኋላ ቆሞ ማርሚታውን ቢመለከት ይመረጣል።

ከዚህ የሚገኘው መልስ ብዙ ይናገራል። ሞተሪኖው እየዞረ ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፣ የጎደለው ሙቀት ነው። ብዙ እየዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ገና ቁልፉ እንደ ተነካ ተነስቶ፣ ለጥቂት ሰከንድ በደንብ ሠርቶ፣ ከዚያ መቆራረጥ ከጀመረ ወይም ከጠፋ ደግሞ አየር ገብቷል ብለው ይጠርጥሩ፤ ፖምፓው ውስጥ የቀረችው ናፍጣ ታስነሳዋለች፣ ከኋላዋ የሚመጣው አየር ይገድለዋል። እነዚህ ሦስቱ እንደ ሦስት መንገድ መለያያ ናቸው። ያ ሰንጋውን የከፈለው አርሶ አደር መኪናው ሦስተኛው ዓይነት ነበር፤ ይህን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ጥቁር ጭስ ሲሆን የአየር ፊልትሮውን አስቀድመው ይዩ፤ በአውድማ አጠገብ የሚውል መኪና በገለባ ብናኝ ይታፈናል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። ነጩ ጭስ ዓይን የማያቃጥል፣ ሽታው ጣፋጭ የሚመስልና የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ሳይጭኑ ወደ ጋራዥ ይውሰዱ።

የማሞቂያ ካንዴላ

ነጭ ጭስ እያወጣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ተንቀጥቅጦ የሚስተካከል ሞተር ላይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የማሞቂያ ካንዴላ ነው። ሲሊንደሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው ይህ ነው። ከአራቱ አንዱ ሲቃጠል ሦስቱ ሞተሩን ያስነሱታል፤ አራተኛው ሲሊንደር በራሱ እስኪሞቅ ድረስ ግን ያነክሳል። በቆላ ሲሠራ ስለማይታወቅ ካንዴላው ለዓመታት ተቃጥሎ ሊቆይ ይችላል።

ምርመራው አንድ አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። አስቀድመው መኪናው የ12 ወይም የ24 ቮልት መሆኑን ይወቁ፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረለት 24 ነው። አምፖሉም በዚያው ቮልት ይሁን። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ መድረሱን ያረጋግጡ፦ አንዱን ሽቦ ካንዴላዎቹን በሚያገናኘው የብረት ዘንግ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርገው ሰው ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ቦታ ያዙር። አምፖሉ ካልበራ ካንዴላዎቹ ምንም አላጠፉም፤ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሽቦውን ማሰሪያ ይመልከቱ። ከበራ ቁልፉን ያጥፉ፣ የብረት ዘንጉን ፈትተው ያውጡ። ይህን ማውጣት አይዘለል፤ ዘንጉ እንዳለ ከሆነ አንዱ ደህና ካንዴላ ለሌሎቹም አምፖሉን ስለሚያበራ ውጤቱ ውሸት ነው። ከዚያ የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ጋር በየተራ ያገናኙ። የሚያበራው ካንዴላ በአብዛኛው ደህና ነው፤ የማያበራው ተቃጥሏል።

አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በላዩ የተጻፈውን ቮልትም ያመሳክሩ። የ12 እና የ24 ቮልት መኪና ካንዴላዎች በመልክ አይለዩም። ዝቅተኛው በ24 ቮልት ላይ ሲገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ ከፍተኛው በ12 ላይ ሲገባ ደግሞ አይግልም። አንዳንድ ሞተሮች በእያንዳንዱ ሲሊንደር ካንዴላ ከመያዝ ይልቅ በአየር መግቢያው ላይ አንድ ማሞቂያ አላቸው፤ ያ ሲበላሽ አራቱም ሲሊንደሮች አንድ ላይ ይደክማሉ እንጂ አንዱ ብቻ አያነክስም።

በናፍጣ መስመር የሚገባ አየር

ይህ ክፍል ብዙ ሰው የሚስትበት ነው፤ ምክንያቱም ቀዳዳውን በዓይን የሚያሳይ ምልክት የለም። ከታንኩ እስከ ናፍጣ መሳቢያው ያለው መስመር ሲሠራ ይስባል። ቀጭን ስንጥቅ ቢኖርበት አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም። ስለዚህ «የሚንጠባጠብ ነገር የለም፣ መስመሩ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ሌሊት መኪናው ሲቆም በዚያች ስንጥቅ አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለሳል። አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ ያደረ መኪና ከሜዳው ይልቅ የሚብስበትም በዚህ ነው፤ ሞተሩ ከታንኩ የበለጠ ከፍ ይላልና።

ምንም ብር የማያስወጣ ፈተና አለ። ጠዋት ቁልፍ ከመንካትዎ በፊት በናፍጣ ፊልትሮው ወይም በፖምፓው አጠገብ ያለውን የእጅ ፓምፕ ይጫኑ። ጥቂት ጊዜ ተጭነው ከጠነከረ መስመሩ ሙሉ ነበር። ብዙ ጊዜ እየተጫኑ ለስላሳ ከሆነና ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ከተነሳ፣ ጥፋቱ አየር መሆኑን አወቁ ማለት ነው። ይህን ለሁለት ጠዋት ይድገሙት፤ አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ቦታውን ለማግኘት ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው ቱቦ መሀል ናፍጣ የሚችል፣ በውስጡ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብተው በፋሼታ ጠበቅ አድርገው ያስሩ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ካዩ አየሩ ከዚያ በፊት ባለው መስመር እየገባ ነው። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገው ያስቀምጡና ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ፈትተው በእሱ ፋንታ ጀሪካኑን ያገናኙ። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ከታንክ እስከዚያ ባለው ቱቦ ነው፤ ካልጠፋ ደግሞ በናፍጣ መሳቢያው፣ በእጅ ፓምፑ ጎማ፣ በፊልትሮው ማሸጊያ ወይም በመዳብ ቀለበቶቹ በኩል ነው። ከኖዝሎቹ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎችም ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። አሮጌውን ጎማ አጠፍ አድርገው ይዩት፤ ቀጥ ሲል የማይታይ ስንጥቅ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል።

የጎማ ቱቦና ፋሼታ ርካሽ ነው። መኪናው ከ10 ዓመት በላይ ከሆነውና ቱቦዎቹ ተቀይረው የማያውቁ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ መቀየር እንጂ አንዷን ስንጥቅ ማሳደድ አያዋጣም። ከሥራው በኋላ የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን ላላ አድርገው አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፓምፑ ይግፉና ያጥብቁት።

ውሃና በግቢ የሚቀመጥ ናፍጣ

በግማሽ ያደረ ታንክ ሌሊት በውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከዚህ የባሰው ግን በግቢ የሚቀመጠው በርሜል ነው፤ ቆሞ ክረምቱን የዋለ በርሜል አናቱ ላይ የቆመው ውሃ በክዳኑ በኩል ይሰርጋል። ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትተው አንድ ብርጭቆ ያህል በጠርሙስ ይቀበሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። በርሜሉን ከዝናብ በተጠለለ ቦታ አጋድመው ያስቀምጡ፤ ከሞሉ በኋላ አንድ ቀን አሳርፈው፣ መቅጃውንም ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይቅዱ። የመኪናውን ታንክ ጠዋት ሳይሆን ማታ ይሙሉ።

ያነከሰው የትኛው ነው?

ካንዴላውም የናፍጣው መስመርም ደህና ሆኖ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ የታመመውን ሲሊንደር መለየት ያስፈልጋል። ባለቤቱ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው መንገድ ይህ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚወስደውን ብረት አራቱንም አንገቶች በረዥም እንጨት ጫፍ በታሰረ እርጥብ ጨርቅ ያብሱ። የሚነዱት ሲሊንደሮች አንገት ቶሎ ይደርቃል፤ ያልነደደው እንደ ረጠበ ይቆያል። ጋቢና ነጠላ አውልቀው፣ ከማራገቢያውና ከቺንጋው ርቀው ይሥሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይህ ፈተና ምንም አይነግርዎትም።

መካኒኮች ይህንኑ የሚያደርጉት የኖዝሉን የናፍጣ ቧንቧ ዳዶ በየተራ በማላላት ነው፤ ደህናው ሲላላ ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል፣ የታመመው ሲላላ ለውጥ አይኖርም። ዘዴው ትክክለኛ ነው። ሆኖም ከኖዝል መስመር በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል። ቀዳዳው የእሾህ ያህል ቢመስልም ሰው ሐኪም ቤት ሳይዘገይ መድረስ አለበት፤ ጣት እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ለሠለጠነ ሰው ይተውት፣ እርስዎም አጠገቡ ሲቆሙ እጅዎን አያስጠጉ።

ሲሊንደሩ ከታወቀ መካኒኩ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር እንዲያቀያይር ይጠይቁ። በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር ከሄደ የሚሠራው ኖዝሉ ነው። በቦታው ከቀረ የቫልቭ ክፍተት መለካትና የግፊት መለኪያ ማስገባት ይቀጥላል። ሞተር ይውረድ የሚባለው ከዚህ መለኪያ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ባትሪና ዘይት

ሞተሪኖው በዝግታ ከዞረ አየሩ ለመጋል ጊዜ ያጣል፤ እያመለጠና እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የባትሪውን ራስ ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው ያጥብቁ፤ ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚወርደውንም ወፍራም ሽቦ አይርሱ። በመያዣው ላይ 40 ወይም 50 ብቻ የተጻፈበት ዘይት በውርጭ እንደ ማር ይወፍራል። ለአብዛኛው አሮጌ የናፍጣ ሞተር 15ደብሊው-40 የሚባለው ለደጋ ጠዋት ይሻላል።

የማይደረጉ ነገሮች

ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ መንቀጥቀጡን መደበቅ የተለመደ ነው። ጥፋቱ አይጠፋም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ናፍጣ ይበላል፣ ማርሽም ሲገባ ይንጫጫል። አንዳንድ መኪኖች በዳሽቦርዱ ላይ ለማሞቂያ ጊዜ ብቻ የሚሳብ የእጅ ነዳጅ መስጫ አላቸው፤ እሱን ይጠቀሙና የሚኒሞውን ብሎን ይተዉት። በፖምፓው ላይ በእርሳስ የታሸገውን ብሎን ደግሞ ፈጽሞ አይንኩ።

ቤንዚን ወይም ኤተር በአየር መግቢያ መርጨት የማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ፍንዳታ ነው፤ ፒስተን ይሰብራል፣ ፊትም ያቃጥላል። በታንኩ ወይም በሞተሩ ሥር ጭድ ማንደድ መኪናውንም ጭነቱንም ያሳጣል። ናፍጣን በነጭ ጋዝ ማቅጠንም አያዋጣም፤ ፖምፓው ውስጡ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ሲቀጥን ይበላል። ሞተሩን በተዘጋ መጋዘን ውስጥ እያሞቁ እህል የሚጭኑም አሉ፤ ጭሱ ሰው ይገድላልና በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፣ ከተቻለም መኪናው ውጭ ይሙቅ።

ወደ ጋራዥ መሄድ ግድ ሲሆን ማታ ወስደው እዚያው ያሳድሩትና ጠዋት ከመካኒኩ ጋር አብረው ያስነሱት። ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። «ጠዋት ያስቸግራል» ከማለት «ሜዳ ላይ አድሮ 20 ሰከንድ ዞረ፣ ነጭ ጭስ አለው፣ ካንዴላዎቹ አራቱም ያበራሉ፣ የእጅ ፓምፑ በአምስት ጭነት ይጠነክራል፣ ሁለተኛው አንገት ይረጥባል» ቢሉት ከግማሽ በላይ ሥራው አልቋል፤ ፖምፓ ይፈታ የሚል ሰው ቢመጣም ምክንያቱን ሊጠይቁት ይችላሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተረክበው ይምጡ።

ትራክተር ያላችሁም ይህንኑ መንገድ መከተል ትችላላችሁ፤ አንድ ልዩነት ብቻ አለ። በፐርኪንስ ሞተር የሚሠሩ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰኖች በየሲሊንደሩ ካንዴላ የላቸውም፤ በአየር መግቢያው ላይ ጥቂት ናፍጣ አንድዶ አየሩን የሚያሞቅ አንድ ማሞቂያ ነው ያላቸው። ቁልፉን በማሞቂያው ቦታ ለ15 እና ለ20 ሰከንድ ያህል ይዘው ሲቆዩ መግቢያው ብረት በእጅ ሲነካ ካልሞቀ፣ ወደ እሱ የምትሄደዋን ቀጭን የናፍጣ ቧንቧ ፈትተው ናፍጣ መድረሱን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ተዘግታ ወይም ተጠምዝዛ የምትገኘው እሷ ናት።